የእትዬ እጅ፦ በባሕር ዳር ቤት ለቤት የሚያበስሉ ባለሙያ አገልግሎት ከአምስት ወር በኋላ

ካለፈው ሐምሌ መጀመሪያ አንስቶ እስከ ኅዳር ማብቂያ ድረስ፣ ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት ቤታችን እየመጡ የሳምንቱን ምግብ ሲያዘጋጁልን የቆዩ አንዲት እናት አሉ። የቤት ሠራተኛ አይደሉም፤ የሆቴል ወጥ ቤትም አይደሉም። አራት ቤተሰቦችን ቀን ከፍለው ያገለግላሉ፤ በየቤቱ ኩሽና ገብተው፣ በየቤቱ ሰው ጤና፣ ጾምና ምርጫ ልክ አብስለው፣ ዕቃውን አጥበው፣ ኩሽናውን እንደነበረ አስረክበው ይሄዳሉ። በሌላው ዓለም ይህ ራሱን የቻለ ሙያ ከሆነ ቆይቷል፤ ለአንድ ቤት ብቻ ተቀጥሮ ከሚሠራ ወጥ ቤት የሚለየውም ባለሙያው ደንበኞቹን እያፈራረቀ በራሱ ዋጋና በራሱ ውል የሚሠራ መሆኑ ነው። በእኛ ከተማ ግን ሥራው ገና ስም አልወጣለትም። ስማቸውና ስልካቸው በአደባባይ እንዲጻፍ ስላልፈቀዱ፣ ቤታችን ውስጥ እንደምንጠራቸው «እትዬ» እያልሁ እቀጥላለሁ።

ወደ እርሳቸው የወሰደን የእናቴ ጤና ነው። ስኳርም የደም ግፊትም ስላለባት ምግቧ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ እኔና ባለቤቴ ደግሞ ጠዋት ወጥተን ማታ የምንገባ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ነን፤ ሁለቱ ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የሚያገኙት አብዛኛውን ጊዜ ትናንት የተረፈ ወጥ ነበር። ለጥቂት ወራት ምሳ ከምግብ ቤት እያስመጣን ሞከርን። ዘይቱና ጨው የበዛበት ሆኖ እናቴን አልተስማማትም፤ ለአምስት ሰው ሲሰላ ወጪውም የሚቻል አልነበረም። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ በወለደች ጊዜ ገንፎዋን እየመጡ ያገነፉላት የነበሩት እኒህ እናት እንደነበሩ ስትነግረኝ አድራሻቸውን ተቀበልሁ።

የመጀመሪያውን ቀን በዝርዝር መጻፍ የምፈልገው፣ የእትዬን ሥራ ከሌላው የለየልኝ እርሱ ስለሆነ ነው። ድስት ይጥዳሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። እርሳቸው ግን ነጠላቸውን አጣፍተው ከእናቴ አጠገብ ተቀመጡና አንድ ሰዓት ሙሉ ሲጠይቁ ቆዩ። እናቴ መድኃኒቷን በስንት ሰዓት ትወስዳለች? ከመድኃኒቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ የምትበላው? ረቡዕና ዓርብ እስከ ስንት ሰዓት ትጾማለች፣ ሐኪሟስ ስለ ጾሙ ምን አላት? በጾም ዓሣ የሚበላ አለ ወይ? ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ ዝቅ ባለ ድምፅ ነው የጠየቁት፤ በአንድ ቤት ውስጥ እንኳ ሁለት ዓይነት ልማድ እንደሚኖር ያውቃሉ። የእኛም ቤት እንዲሁ ነው፤ እናቴ በጾም ወራት ዓሣ ወደ አፏ አታስጠጋም፣ ባለቤቴ ግን ይበላል። እትዬ ወዲያው «እንግዲያስ የዓሣው ድስትና ማማሰያ ለብቻው ይሁን» አሉ፤ እስከ ዛሬም ያ ድስት ለብቻው ነው። ልጆቹንም አልዘለሏቸውም። ታናሹ ልጄ ጎመን እንደማይወድ ሲነግራቸው «ቀቅዬ ነው ወይስ ጠብሼ የማትወደው?» ብለው በቁም ነገር ጠየቁት፤ የስድስት ዓመት ልጅ እንዲህ ተጠይቆ አያውቅምና መልሱን አስቦ ነው የሰጠው።

ከዚያ ኩሽናውን አዩ። የምጣዱን ገመድ፣ የፍሪጁን ማቀዝቀዣ፣ የድስቶቹን ስፋት ፈተሹ። የበርበሬውን ዕቃ ከፍተው አሸተቱና ዝም አሉ፤ ትንሽ ቆይተው «ልጄ፣ ይሄ በርበሬ ከዓመት በላይ ሆኖታል፤ ቀለሙ እንጂ ሽታው የለም» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ኮረሪማው፣ በሶብላው፣ ነጭ አዝሙዱ ሁሉ ከውስጡ በኖ ጠፍቷል። በማግስቱ ዛላውን ራሳቸው መርጠው ገዝተው፣ ከነቅመሙ አሰናድተው አስፈጩልን።

ይህ አጠያየቅ ከየት እንደመጣ በኋላ ከታሪካቸው ተረዳሁ። እትዬ የዘጌ ልጅ ናቸው። በሐይቁ ዳር፣ በቡናና በጌሾ ተክል መካከል አድገው፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ ከእናታቸው ጎን ማድ ቤት ውስጥ እንደዋሉ ይናገራሉ። ምግብ መሥራት ይወዳሉ፤ ሲያወሩበት ዓይናቸው ይበራል። ከሠላሳ ዓመት በላይ በዘመድና በጎረቤት ሠርግ፣ ክርስትናና ተዝካር ላይ ድስት የሚጣደው እርሳቸው ሲመጡ ነበር። ወጡ ሲያልቅ «እጅዎ ይባረክ» ተብለው፣ አንዳንዴም አንድ ሳህን ወጥ በክዳን ተይዞላቸው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። «ባለሙያ ናት» ይባሉ ነበር። በአማርኛችን «ባለሙያ ሴት» ማለት ወጧ የሚጥም፣ ጠላዋ የሚጠራ፣ እንጀራዋ ዐይን የሚያወጣ ማለት ነው፤ ይኸው ቃል በመሥሪያ ቤት ሲነገር ግን ደመወዝና የሥራ መደብ ያለውን ሰው ያመለክታል። እትዬ ሠላሳ ዓመት የኖሩት በመጀመሪያው ትርጉም ብቻ ነበር። ወደ ሁለተኛው ያሸጋገራቸው አንዲት አራስ የነበረች ጎረቤታቸው ናት፤ ባሏ አርባ ቀን ሙሉ እየመጡ እንዲያበስሉ ለምኗቸው በመጨረሻው ቀን በፖስታ ገንዘብ ሰጣቸው። «እንዳልቀበል እጄ ተንቀጠቀጠ» ብለውኛል። ተቀበሉት፤ ቤታቸውም ሄደው ለታላቋ ልጃቸው አሳዩአት።

መንገዱን ያበጀችው ይህች ልጅ ናት። እናቷ በጭብጥና በቁንጥር የሚያውቁትን ሁሉ ትንሽ ሚዛን ገዝታ በግራም እየመዘነች በደብተር ጻፈችው። ለአንድ ኪሎ ሽሮ ስንት ግራም ቅመም፣ ለአንድ ዶሮ ስንት ኪሎ ሽንኩርት፣ ለአንድ ሰው ስንት እንጀራ እንደሚያስፈልግ የተጻፈበት ደብተር ዛሬ ቅጠሉ በዘይት ወዝቷል። እትዬ አጭር የምግብ ዝግጅት ሥልጠና ወስደው ሲኦሲ የሚባለውን የሙያ ብቃት ምዘና አለፉ፤ የጤና ምርመራ ወረቀታቸውንም ሳልጠይቃቸው አውጥተው አሳይተውኛል። በሥልጠናው ምን እንደተማሩ ስጠይቃቸው የወጥ አሠራር አላሉኝም። «ወጥ ማቀዝቀዝ ተማርሁ» አሉ። ያኔ አልገባኝም ነበር፤ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ምግቡ ልግባ፤ ከዓሣው ልጀምር፣ ምክንያቱም ጣና ዳር እየኖርን ዓሣ አገዛዝ አለማወቃችንን ያስተማሩን እርሳቸው ናቸው። የዓሣ ቀን ሲሆን ከቤታቸው የሚወጡት ጎህ ሲቀድ ነው፤ አስጋሪዎቹ መረባቸውን አውጥተው ወደ ዳር በሚመለሱበት ሰዓት ይደርሳሉ። አንድ ቀን አብሬያቸው ሄድሁ። ቆሮሶውን ሲያነሡ በመጀመሪያ ስንጥቡን ገለጥ አድርገው ቀለሙን ያያሉ፤ ደም መስሎ ከቀላ ይቀጥላሉ፣ ከጠቆረ ይመልሱታል። ቀጥለው ዓይኑ የጎደጎደ መሆን አለመሆኑን ያያሉ፤ ከዚያ ሥጋውን በአውራ ጣታቸው ጫን ያደርጉታል። ጣታቸው ያረፈበት ቦታ ወዲያው ካልሞላ ዓሣው አድሯል ማለት ነው። አምባዛ የሚገዙት ለወጥ ብቻ ነው፤ ሥጋው ወፍራምና ቅባት ያለው በመሆኑ በርበሬውን ይሸከማል ይላሉ። ቆሮሶውን ግን ለጥብስ፣ ለለብለብና ለዱለት ያውሉታል። የዓሣ ዱለታቸው፣ ሥጋው በጣም ደቅቆ፣ ከቀይ ሽንኩርት፣ ከቃሪያና ከጥቂት ሚጥሚጣ ጋር ለአጭር ጊዜ ብቻ እሳት የነካው፣ በዚህ ከተማ ከበላኋቸው ሁሉ የሚበልጥ ነው። ባለቤቴ በሐይቁ ዳርቻ ምግብ ቤቶች ለዓመታት የዓሣ ደንበኛ የነበረ ሰው ነው፤ ከነሐሴ ወዲህ አልሄደም።

በሐምሌ አጋማሽ ነጭ ዓሣ እንዲገዙልን ጠይቄያቸው ነበር። እምቢ አሉኝ። በክረምቱ ወራት ይህ ዓሣ ከሐይቁ ወጥቶ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭና ወደ ግልገል ዓባይ እንቁላሉን ሊጥል እንደሚወጣ፣ በዚያ ጊዜ በወንዞቹ አፍ መረብ ተዘርግቶ የሚያዘው በሆዱ እንቁላል የያዘው እንደሆነ አስረዱኝ። ከዚያ በኋላ እኔም አንብቤ አረጋገጥሁት፤ በጣና ከሚገኙት የዚህ ዓሣ ዝርያዎች 15 የሚሆኑት በዓለም ላይ ከዚህ ሐይቅ በቀር የትም የሉም፣ ቁጥራቸውም እንዲቀንስ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ በመራቢያ ወቅት የሚደረገው ስገራ ነው። ደንበኛ ገንዘብ ይዞ ሲጠይቅ «በዚህ ወር አልገዛም» የሚል አብሳይ ማግኘቴን እንደ ትልቅ ነገር እቆጥረዋለሁ።

እንጀራውን በተመለከተ፣ በመጀመሪያው ሳምንት የተጋገረው ለአፌ ኮምጠጥ ብሎኝ ነበር። አዲስ አበባ ያደግሁ በመሆኔ ሊጥ ሦስት ቀን ማደር አለበት ብዬ አምን ነበርና በዚያው ልክ እንዲያቦኩ ያዘዝሁት እኔ ነኝ። እትዬ ትእዛዜን ፈጽመው ውጤቱን ካሳዩኝ በኋላ በትሕትና አረሙኝ፤ ባሕር ዳር ሞቃት ስለሆነች እርሾው ቶሎ ይሠራል፣ እዚህ ሁለት ሌሊት ይበቃዋል። ከዚያ ወዲህ አብሲቱን በሁለተኛው ቀን ጥለው፣ ሊጡ ኩፍ ሲል ይጋግራሉ፤ እንጀራው ለስላሳ፣ ዐይኑ የተካከለ ነው። ጤፉንም እርሳቸው ይመርጣሉ። ዋጋውን ለማቅለል ብዙ ቤት የፎገራ ሩዝ ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ ያስፈጫል፤ እንጀራውም ነጭ ሆኖ ይወጣል። እትዬ ለሌሎች ደንበኞቻቸው ይህን ያደርጋሉ፤ ለእኛ ግን ነጭ ሩዝ የደም ስኳር ቶሎ ስለሚያነሣ ለእናቴ አይሆንም ብለው ሠርገኛ ጤፍ ብቻውን ያስፈጩልናል። ለልጆቹ ነጭ እንጀራ ለብቻ ይጋገር ብዬ ብጠይቅ «አንድ ቤት አንድ እንጀራ ቢበላ አይሻልም?» አሉኝ፤ አሁን ሁላችንም የእናቴን እንጀራ እንበላለን።

የፍልሰታ ጾም ሁለት ሳምንት የእርሳቸው ችሎታ ጎልቶ የታየበት ጊዜ ነው። የጾም ምግብ በብዙ ቤት ሽሮ፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ምስር ሆኖ ያልቃል። እትዬ ጾሙ ከመግባቱ አንድ ሳምንት አስቀድመው የባቄላ ዱቄትና ሱፍ አዘጋጅተው ስልጆ ጣሉ፤ ሰናፍጩ ገብቶበት፣ ቀስ በቀስ ኮምጥጦ፣ ነሐሴ 1 ቀን ገበታ ላይ ሲቀርብ እናቴ ቀና ብላ አየቻቸው። እናቷ ከሞተች ወዲህ ስልጆ ቀምሳ አታውቅም ነበር። አዚፋ፣ የሱፍ ፍትፍት፣ ተልባ፣ የሽምብራ አሣ፣ ጎመን በድንች እየተፈራረቁ መጡ፤ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ሽሮ የበላነው አራት ቀን ብቻ ነው። የሽምብራውንና የባቄላውን ዝግጅት በተመለከተ አንድ ነገር ልብ አልሁ። ሌሊቱን ሙሉ ካልነከሩ አይጥዱም። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፤ ጥራጥሬ ከቆላ ይልቅ ዘግይቶ ይበስላል። እትዬ ይህን በቁጥር አይሉትም፤ «የእኛ አገር ውኃ ፈልቶም አይቸኩልም» ይላሉ።

ስለ እንቁጣጣሹ ዶሮ ወጥ ብዙ አልጽፍም፤ ጥሩ ዶሮ ወጥ የሚሠሩ ሴቶች በዚህ ከተማ ብዙ ናቸው። አሥራ ሁለቱ ብልት በሥርዓቱ ወጥቶ፣ በሎሚና በጨው ታጥቦ፣ ሽንኩርቱ ዘይት ሳይነካው ከሁለት ሰዓት በላይ ተቁላልቶ፣ ቅቤው በልኩ፣ መከለሻው በመጨረሻ ገብቶ ነበር። ያማረ ወጥ ነው። ለእናቴ ግን ከቁሌቱ ላይ ጨውና ቅቤ ሳይገባበት አስቀድመው በትንሽ ድስት ቀንሰው ለብቻ ሠሩላት፤ በበዓል ቀን ከቤተሰቡ የተለየ ምግብ እንደቀረበላት ሳይሰማት በላች።

ወደ ማቀዝቀዙ ልመለስ። በአንድ ቀን ለሦስት ቀን የሚሆን ምግብ የሚያበስል ሰው ትልቁ ፈተናው ከእሳት ከወረደ በኋላ ያለው ሰዓት ነው። የበሰለ ምግብ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት መካከል ሲቆይ ተሕዋስያን በፍጥነት ይራቡበታል፤ ስለዚህ ከሁለት ሰዓት በላይ በክፍል ሙቀት መቀመጥ የለበትም። እኛ ቤት ግን፣ እንደ ብዙው ቤት፣ ወጡ ከነድስቱ ተከድኖ እስከ ማታ ምድጃው ላይ ይውል ነበር። እትዬ ወጡን በሰፊና ዝቅ ባሉ ትሪዎች ያሰራጩታል፤ ትሪዎቹን ቀዝቃዛ ውኃ ባለበት ገንዳ ላይ ያስቀምጣሉ፤ ሲቀዘቅዝ በትንንሽ ክዳናም ዕቃ ከፋፍለው ፍሪጅ ያስገባሉ። በእያንዳንዱ ክዳን ላይ የምግቡና የተሠራበት ቀን ስም በፕላስተር ላይ ተጽፎ ይለጠፋል፤ የእናቴ በቀይ እስክሪብቶ ነው። ሲሞቅም ዳር ዳሩ ለብ ብሎ እንዳይቀር፣ እየተማሰለ እስኪፈላ እንድንጠብቅ አስጠንቅቀውናል። መብራት ለረጅም ሰዓት የሚጠፋበት ቀን ሲኖር ደውለው «የማክሰኞውን ምስር ዛሬ ጨርሱት፣ ለነገ አታሳድሩ» ይሉናል። በአምስት ወር ውስጥ ከቤታችን ሰው በምግብ ምክንያት ሆዱን ያመመው የለም፤ ከዚያ በፊት በየወሩ አንዱ ልጅ ይታመም ነበር።

ጉድለቶችም ነበሩ፤ ሊቀጥሯቸው ለሚያስቡ ሰዎች መናገር ስላለብኝ አልደብቅም። የመጀመሪያው ጨው ነው። እትዬ ዕድሜያቸውን ሙሉ ለድግስ ያበሰሉ እጅ አላቸው፤ የድግስ ወጥ ደግሞ ጨው የበዛበት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይመክራል፤ በሐምሌ ወር የእናቴ ምግብ ከዚህ በግልጽ ያልፍ ነበር፣ የደም ግፊቷም ከፍ ብሎ ተለካ። ነገሩን ስነግራቸው አልተከላከሉም። በማግስቱ የቀኑን የእናቴን ጨው በሚዛን መዝነው በትንሽ ብርጭቆ ማስቀመጥ ጀመሩ፤ ከብርጭቆው ውጪ አይጨምሩም። ጣዕሙን በሎሚ፣ በዝንጅብልና በነጭ ሽንኩርት መለሱት። ቢሆንም ይህ አንድ ወር ፈጅቷል፤ የሐኪም ትእዛዝ ያለበት ሰው ቤቱ ካለ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጨውን በግራም ይነጋገር እላለሁ።

ሁለተኛው ጉድለት የዋጋው ነገር ነው። ስንት እንደሚያስከፍሉ ስጠይቃቸው «እንደ ወደዳችሁ» አሉኝ። ይህ አነጋገር በባህላችን ትሕትና ነው፤ በሥራ ላይ ግን ሁለቱንም ወገን ይጎዳል። ባለቤቴ ያሰበውና እርሳቸው የጠበቁት እንደማይገናኝ የታወቀው በወሩ መጨረሻ ነበር፤ እርሳቸው ዝም ብለው ተቀበሉ፣ እኔ ግን ፊታቸውን አይቼ ገባኝ። ልጃቸው መጥታ ነገሩን አስተካከለች። አሁን ሥርዓቱ ግልጽ ነው። አስቤዛው በእኛ ገንዘብ ይገዛል፣ የተገዛው ሁሉ ከነዋጋው በወረቀት ተጽፎ ይቀርብልናል፤ የባጃጁ ለብቻ ይያዛል፤ የእጃቸው ዋጋ በቀን የተቆረጠ ነው፣ የድግስ ቀን ሲሆን ደግሞ በሰው ቁጥር ይሰላል። ለእኛ ቤት የቀኑ የእጅ ዋጋ ለዚያ ቀን አስቤዛ የምናወጣውን ግማሽ ያህላል። ሁለቱ ተደምረው ቀድሞ ለምግብ ቤት ከምናወጣው ያነሰ ሆኖ አግኝተነዋል።

ከዚህ ሌላ፣ ሁለት ጊዜ አርፍደዋል፤ አንዱን ደውለው አሳውቀዋል፣ አንዱን አላሳወቁም። ሕጋዊ ደረሰኝ ስለማይሰጡ ለመሥሪያ ቤት ስብሰባ ምግብ ማዘዝ የሚፈልግ ሰው አይሆኑትም። ኬክና የፈረንጅ ምግብ አይሠሩም፤ ለልጄ ልደት ፒዛ ብጠይቃቸው የማያውቁትን እንደማይሞክሩብን ነግረውኝ፣ በኮባ ቅጠል የተጋገረ ድፎ ዳቦ አመጡለት።

የመጨረሻው ፈተና ኅዳር 21 ነበር። እናቴ የእመቤታችንን ዝክር በየዓመቱ በዚህ ቀን ታወጣለች፤ የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ስለሚገባ ማዕዱ የጾም ነው። ሠላሳ ሰው ተጠራ። እትዬ ሳምንት ሲቀረው ደብተሩን ይዘው መጡ፤ በአንድ ሰው ሁለት ተኩል እንጀራ ብለው 75 ቆጠሩ፣ ለሚመጣ እንግዳ 15 ጨመሩ። የወጡን ዓይነት በአምስት ወሰኑ። እናቴ ሰባት ይሁን ብላ ተከራከረች፣ «አምስቱ ትኩስ ይቅረብ፣ ሰባቱ ከሚቀዘቅዝ» ብለው አሳመኗት። ጠላውን እናቴ ራሷ በዘጌ ጌሾ ጠመቀች፤ ይህን ለማንም አትሰጥም፣ እትዬም አልጠየቁም። በዕለቱ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ከልጃቸውና ከአንዲት ለማጅ ልጅ ጋር ሠሩ፤ ካህኑ ጸሎት አድርሰው ሲጨርሱ ሽሮው እየተንተከተከ ወጣ። ማዕዱ ሲነሣ የተረፈው እንጀራ ስድስት ነበር። እኔ እንደ ሌላው ዓመት ማድ ቤት ውስጥ ሳልውል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእንግዶቹ ጋር ተቀምጬ ጸሎቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰማሁ።

በዚያው ቀን ነው አንዲት ጎረቤታችን ዋጋውን ሰምታ የተቆጣችው። «ለሴት ሙያ ይህን ያህል ይከፈላል እንዴ? እኛስ ለማን በነጻ ስንሠራ ኖርን?» አለች። ጥያቄዋን አልናቅሁትም፤ ሁለተኛው ግማሹ እውነት ነው። እርሷም ጥሩ ባለሙያ ናት፤ ሠላሳ ዓመት በሰው ድግስ ላይ ጭስ ውጣለች። ግን የእትዬ ዋጋ ለወጡ ጣዕም ብቻ የሚከፈል አይደለም። ጎህ ሲቀድ ዓሣ መምረጥ፣ የእናቴን ጨው መመዘን፣ ትሪውን ማቀዝቀዝ፣ ክዳኑ ላይ ቀን መጻፍ፣ የአንዱን ቤት ነገር ለሌላው አለማውራት፣ እነዚህ ሁሉ በዋጋው ውስጥ አሉ። የአናጺን፣ የልብስ ሰፊን፣ የመካኒክን እጅ ዋጋ ሳንከራከር የምንከፍል ሰዎች፣ ድስት አጠገብ ስንደርስ ብቻ ምርቃት ይበቃል የምንልበት ምክንያት አይታየኝም። ለጎረቤቴም ይህንኑ ነገርኋት። ዝም አለች፤ ወደ ቤቷ ስትሄድ ግን ከእትዬ ልጅ ጋር በሩ ላይ ቆመው ረጅም ጊዜ ሲነጋገሩ አየኋቸው።

አገልግሎቱ ለማን እንደሚሆን ልጨምር። የጤና ምግብ የሚያስፈልገው አረጋዊ ወይም አራስ ላለበት ቤት፣ ባልና ሚስቱ ሁለቱም ለሚሠሩበት ቤት፣ ከሃያ እስከ አርባ ሰው ለሚጠራ ማኅበር በሙሉ ልብ እመክራለሁ። ከዚያ በላይ ለሆነ ሠርግ ራሳቸው አይቀበሉም። ብቻውን ለሚኖርና ምግቡን ባለበት ለሚበላ ወጣት ወጪው አይመለስለትም። ወጥ ቤቱ ጠባብ የሆነ ሰው፣ ሰፊ ትሪና የሚሠራ ፍሪጅ ከሌለው፣ መጀመሪያ እርሱን ያሟላ፤ እትዬ ያለ ፍሪጅ የሁለት ቀን ምግብ አያበስሉም።

አሁን ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ተይዘዋል። የሐሙሱ ቤተሰብ ከጥር በኋላ ወደ ጎንደር ስለሚዛወር ያ ቀን ይለቀቃል፤ ቅዳሜ ለድግስ ነው፣ እሑድ አይሠሩም። ለዐቢይ ጾም የሚያስፈልጋቸው ካሉ ቀደም ብለው ይንገሯቸው፤ ስልጆው ጾሙ ከመግባቱ አንድ ሳምንት በፊት መጣል አለበት፣ ሰናፍጩንም በዚያ ሰሞን ከገበያ ማግኘት ከባድ ስለሚሆን ለእኛ የሚሆነውን ካሁኑ ገዝተው አስቀምጠውልናል።